ታደለችን ውሃ ያላት ወረቀት

ታደለች ማረፏን የሰማሁት ሚዛን ውስጥ በአንድ አዳራሽ፣ «ራስዎን ይወቁ» የሚል ወረቀት ፊቴ ተቀምጦ ነው። መሥሪያ ቤታችን ለሁለት ቀን ሥልጠና ሰብስቦን ነበር። አሠልጣኟ ልጅ እግር ናት፤ ፈገግታ ከፊቷ አይጠፋም። ወረቀቱን አድላን ስታበቃ «ትክክልና ስህተት የሚባል መልስ የለም፤ ዘና ብላችሁ ሙሉ» አለችን። እርሳሴን ሳነሳ ስልኬ ጠራ። ዘነበች ናት፤ ድሮ አብራኝ የሠራች፣ የታደለች የልብ ጓደኛ። ወጥቼ አነሳሁት።

«ታደለች ትናንት አርፋለች። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። ለአንተ ለሰለሞን ይነገረው ያለ ሰው የለም፤ እኔ ነኝ የደወልኩልህ» አለችኝና ዘጋች።

ተመልሼ ቦርሳዬን አነሳሁ። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ከባልደረቦቼ ይልቅ የመምራት ተሰጥኦ አለኝ» ይላል። ከሥሩ «አዎ»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «አይደለም»። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ከዓመታት በፊት ጮክ ብዬ ለአርባ ሴቶች አንብቤዋለሁ። ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ጭምድድ አድርጌ ኪሴ ከተትኩና ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ። ወደ አገሯ ወደ ሸዋ ቤንች የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ስጠብቅም፣ መንገድ ላይም ስናደድ ነበር። ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ታደለችን ያወቅኋት ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ሸኮን አለፍ ብሎ በነበረ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ የሠራተኞች ጉዳይ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። እሷ ካቦ ነበረች። ቡናው ከመፈልፈያው ወጥቶ፣ ገንዳ ውስጥ አድሮ፣ ታጥቦና ደርቆ ጆንያ እስኪገባ ያለው ሥራ፣ ሥራውን የሚሠሩት አርባ ምናምን ሴቶችና ጥቂት ወንዶችም በእሷ እጅ ነበሩ። የቤንች ሰው ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ። ፊደል የቆጠረችው ቸርች ውስጥ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ብላ ነው። አማርኛዋ አጭር አጭር ነበር፤ አንድ ቃል ከበቃ ሁለተኛ አትጨምርም።

የቡናውን እርጥበት የሚለካው መሣሪያ ቢሮ ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ነበር። ታደለች ከማድረቂያው አልጋ አንድ ፍሬ ታነሳና በፊት ጥርሷ ነከስ ታደርጋለች። «ነገ ከሰዓት» ትላለች። ነገ ከሰዓት መሣሪያውን ይዤ ስወርድ ቡናው በትክክል ደርቆ አገኘዋለሁ። ዝናቡም እንደዚያው። በዚያ አገር ዝናብ ወር አይመርጥም። ታደለች አንገቷን ወደ ጫካው መለስ ታደርግና አንድ ጊዜ ታጨበጭባለች፤ ሴቶቹ በእጃቸው ያለውን ሁሉ ጥለው ፕላስቲክ ለማልበስ ወደ አልጋዎቹ ይሮጣሉ። እኔ ቀና ብዬ «የታል ዝናቡ?» ስል የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሬ ላይ ያርፋል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሰው የምታውቅበትን መንገድ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ስለራሱ አንድ ጥያቄ አትጠይቀውም። ለምን ብያት ነበር።

«ሰው ስለራሱ ምን ይላል? ጨዋ ከሆነ ያፍራል። ጨዋ ካልሆነ ይዋሻል። አጠገቡ የዋለውን ነው መጠየቅ።»

የታጠበው ቡና ከታች ከገንዳው ወደ አልጋዎቹ የሚወጣው በእንጨት ሳጥን ነው። ሳጥኑ አራት እጀታ አለው፤ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆነው ይሸከሙታል። መንገዱ ዳገት ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ ባለው ላይ ነው። ታደለች አዲሱን ሰው ከአንድ ነባር ጋር ታጣምረዋለች፤ እየተቀያየሩ ሲያወጡ ይውላሉ። ሥራ ሲያበቃ ነባሩን ለብቻ ትጠራና አንዲት ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ክብደቱ ወዴት ዋለ?» የሚቀጠርም የሚሰናበትም በዚያች መልስ ነው። አብሬያት በሠራሁባቸው ዓመታት በሰው ስትሳሳት አላየሁም።

እኔም አልቀረልኝም። የመጣሁ ሰሞን፣ የቢሮ ሰው ነኝ ብላትም፣ «የምትጽፈውን ሥራ አንድ ቀን እየው» ብላ ከዘነበች ጋር አጣመረችኝ። ዘነበች አጠር ደልደል ያለች፣ የመጣላትን ከመናገር የማትመለስ ሴት ናት። በሦስተኛው ዙር እኔ ከኋላ ነበርኩ። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ መዳፌ ተላጠ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ሳጥኑን ለቀቅኩት። ስንት ሰው የደከመበት ቡና ጭቃው ላይ ተደፋ። ዘነበች ዞር ብላ አየችኝና ተንበርክካ መልቀም ጀመረች። ሥራ ሲያበቃ ታደለች ለብቻ ጠርታ ስታነጋግራት ከሩቅ አየሁ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱንም አልጠየቅኩም። በማግስቱ ታደለች እንደ ሁልጊዜው ሰላም አለችኝ። በዓመቱ ወባ ጥሎኝ አልጋ ላይ ስውል ሾርባ ይዛ እየመጣች ካልጨረስኩት የማትነሳው እሷ ነበረች። እትዬ ታደለች ማለት የጀመርኩትም ያኔ ነው።

በአራተኛው ዓመት አዲስ አበባ የሚኖረው የጣቢያው ባለቤት አንድ አሠልጣኝ ላከብን። ሰውየው ሱፍ ለብሶ፣ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ ጭቃችን ውስጥ ወረደ። ሰው ሁሉ ከአራት ዓይነት አንዱ ነው አለን። እሳት የሆነ ይመራል። ነፋስ የሆነ ያወራል፣ ያግባባል። መሬት የሆነ ጠንቃቃ ነው፣ መዝገብ ይሰጠው። ውሃ የሆነ ሰላማዊ ነው፣ ሌላ ሰው ወደ ቀደደለት ይፈሳል። ቄሱ አጎቴ በልጅነቴ እነዚህን አራቱን አስተምረውኛል፤ እሳቸው ግን አራቱም በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አሉ ነበር የሚሉት። አሠልጣኙ ለአራት ሰው አከፋፈላቸው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በጣም ወደደለት፤ ከእንግዲህ የኃላፊነት ቦታ ሁሉ በዚህ ውጤት ይደለደላል ብሎ አወጀ።

ብዙዎቹ ሴቶች ማንበብ ስለማይችሉ አርባውን ዓረፍተ ነገር እያነበብኩ መልሳቸውን እንድሞላ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ጆንያ መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። በካቦዋ ጀመርኩ። ታደለች ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ሴቶቿ ዙሪያዋን ከበቡ።

«‹ከባልደረቦቼ ይልቅ የመምራት ተሰጥኦ አለኝ።› አዎ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ አይደለም?»

ታደለች ሴቶቹን አየች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። «ይሄን እንዴት ለራሴ እላለሁ? እነሱ ተቀምጠው?»

«መልስ መስጠት አለብሽ፣ እትዬ።»

«አይደለም በል።»

«ኧረ አዎ ብለህ ጻፍላት!» አለች ዘነበች ከኋላ። «እሷ ባትኖር ማን ነው የሚመራን? እኛን ጠይቀን!» ሌሎቹም ሴቶች እውነት ነው እያሉ ተንጫጩ።

ወረቀቱ አናት ላይ «መልስ የሚሰጠው ተጠያቂው ራሱ ብቻ ነው» የሚል መመሪያ ነበር። ያንን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ዝም በሉ፤ የወረቀቱ ባለቤት ብቻ ናት የምትመልሰው» አልኩ። ዝም አሉ።

«‹ሰዎች የሚከተሉኝ ስለሚያምኑብኝ ነው።›»

«አይደለም።»

«‹ከባድ ውሳኔ ሲመጣ ሰዎች ወደ እኔ ይመለከታሉ።›»

«አይደለም በል፣ ልጄ። ጌታ ነው የሚረዳን።»

አርባውንም እንዲህ ጨረስናቸው። ልብ በሉልኝ፤ እኔ ሚዛን ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚያ አገር ጨዋ ሰው በጓደኞቹ ፊት እኔ እበልጣለሁ እንደማይል፣ ሲመሰገን እንኳ አንገቱን እንደሚደፋ ጠፍቶኝ አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ አላወቀም፤ እሺ። እኔ አውቅ ነበር። እያወቅኩ «አይደለም» የሚለው ላይ አርባ ጊዜ ምልክት አደረግሁ።

ውጤቱ መጣ። ታደለች ውሃ። ሴቶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ውሃ፤ አሠልጣኙ ይህን ያህል ውሃ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም ብሎ ተገረመ እንጂ ለምን ብሎ አልጠየቀም። እሳት ሆኖ የተገኘው ምትኩ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ የመጣ፣ ቡናው በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው የከተማ ልጅ። ለብቻው ተቀምጦ ሁሉንም «አዎ» ብሎ ሞላ። እኔ መሬት ሆንኩ። «ጠንቃቃ፣ ታማኝ፣ ሥርዓት አክባሪ» ይላል ወረቀቴ። ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ራሴን ያወቅኩ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። «አንተ ከሰዎቹ ጋር ነው የምትውለው። የታደለች ውጤት ትክክል ይመስልሃል?» አለኝ።

መጠየቁን አልክድም፤ ጠይቆኛል። አፌን ከፍቼ «ጌታዬ፣ ይህ ወረቀት ስለ እሷ የሚያውቀው የለም» ብል የሚሆንብኝ ነገር ቢኖር ቁጣ ነው። ነገር ግን የእሷ ወረቀት ከዋሸ የእኔም ሊዋሽ ነው። ደግሞ ማን ከአለቃ ጋር ይጣላል?

«ውጤቱ የሚለውን ነው የምለው» አልኩት።

ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ታደለች ከካቦነት ተነስታ ወደ ለቀማ ጠረጴዛ ትዛወራለች፤ ምትኩ በቦታዋ ይተካል። ራሴ ሰጠኋት። እየተንተባተበች አነበበችው፤ ስትጨርስ አጣጥፋ በመቀነቷ ያዘችው።

«አንተ ሥራዬን አይተሃል» አለችኝ። «ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም» አልኳት።

«እሺ» አለችና ወረደች።

ይህም አልበቃ። በሳምንቱ ለቀማ ጠረጴዛው ጋ ሳልፍ ጠራችኝ። ቆሻሻውን ቡና ከደህናው እየለየች፣ ቀና ሳትል፣ «ውሃ ያልከው ምንድነው? እስቲ እንደገና አንብብልኝ» አለች። ወረቀቱን አምጥቼ አነበብኩላት፦ «ይህ ሰው በራሱ ውሳኔ አይተማመንም፤ የሌላውን አመራር ይሻል።» እጇ ቆመ።

«አሥራ አንድ ዓመት ካቦ ሆኜ ራሴን አላውቅም ነበር ማለት ነው?» አለች።

እንደማሾፍ አልነበረም። ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ። መጽሐፍ ካነበበ ሰው የመጣ ነገር ሁሉ እውነት ይሆናል ብላ ታምን ነበርና። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አንድ ነገር አየሁ። አንድ ፍሬ በጥርሷ ነከሰች፤ ከዚያ አጠገቧ ወዳለችው ልጅ ዞር ብላ፣ «ደርቋል እንዴ? አንቺ ምን ትያለሽ?» አለቻት። ታደለች! ከቦታ ማንሳቱን ሌላም ቦታ አይቻለሁ፤ ሹመት ይመጣል ይሄዳል። የገዛ ጥርሷን እንዳታምን ማድረጉን ግን ለማን ልክሰሰው? «ትክክልና ስህተት የሚባል መልስ የለም» ይሉሃል፤ መልስህን ይወስዱና በዚያው መልስ ይፈርዱብሃል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ስለራሱ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የፈለገውን ይሙላ፣ ይደሰትበት። የሰው እንጀራና የሰው ስም ላይ ማኅተም ሲያደርጉት ግን ወንጀል ነው እላለሁ።

ምትኩ ክፉ ልጅ አልነበረም። እሳት ነህ ያሉት ጊዜ ሊያቃጥል ሞከረ፣ ሌላ ምን ያድርግ? ያለ እሱ ትእዛዝ ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ አልጋዎቹ ሁሉ ቡና ተሞልተው፣ ፀሐዩ ፍጥጥ ብሎ ሳለ፣ ለቀማው ጠረጴዛ ጋ አንድ ጭብጨባ ተሰማ። ሴቶቹ ቀና አሉ። ምትኩን አዩ። ምትኩ ሰማዩን አየ፤ ጥርት ያለ ነው። «ቁጭ በሉ!» አላቸው። ታደለች ግን ተነስታ መሮጥ ጀመረች። ዘነበችና ሦስት ሴቶች ተከተሏት። አምስቱ ሴቶች ስድስት አልጋ ብቻ እንዳለበሱ ዝናቡ ወረደ። የቀረው ቡና በሙሉ ረጠበ፣ ኋላም ሸተተና ተጣለ።

እና ምን ሆነ? ሥራ አስኪያጁ ለታደለች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘዘላት፤ ያለ ካቦ ፈቃድ ከሥራ ቦታዋ በመነሳቷ። «ውሃ ናት ተብሎ የለም እንዴ? ምን ሆና ነው እንደ እሳት የምትሮጠው?» አለኝ፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያንንም ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ።

ታደለች ደብዳቤውን ተቀብላ ፈረመች፤ በማግስቱ አልመጣችም። ወደ አገሯ፣ ከሸዋ ቤንች ወዲያ ወዳለው ቀበሌ ገብታ ቡናዋንና ኮረሪማዋን መኮትኮት ጀመረች ሲሉ ሰማሁ። እኔም በዓመቱ ሚዛን ሥራ አግኝቼ ወጣሁ። ከሚዛን እሷ ዘንድ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። ሄጄ «ጠይቀውኝ ነበር፤ ዋሸሁሽ» ልላት በየዓመቱ አስብ ነበር። በየዓመቱ አንድ ምክንያት አገኝ ነበር፤ አንዴ ዝናቡ፣ አንዴ ሥራው፣ አንዴ ልጄ ታማ። የቀረው ጊዜ ደግሞ ሲያልቅ አይታወቅም።

ቀብሩ ላይ የደረስኩት አፈር ሲመለስ ነው። ሰው ሜዳውን ሞልቶታል። መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የድሮዎቹ የጣቢያው ሴቶች ነበሩ፤ አወቁኝ፣ ሰላም አሉኝ፣ ማንም ግን አጠገቤ አልተቀመጠም። ኪሴ ውስጥ ያ የተጨማደደ ወረቀት አለ። በመጨረሻ ዘነበች ቅቅል ጎደሬ በሳህን ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ በርከክ አለች። ፀጉሯ ሸብቷል።

«ብላ። መንገድ መጥተሃል» አለችኝ።

«ዘነበች፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቅ።»

«ያን ቀን፣ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ፣ ሳጥኑን አብረን የተሸከምን ቀን። ሥራ ሲያበቃ ጠርታሽ ነበር። ስለ እኔ ምን አልሻት?»

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ዛሬ ይሄ ምን ያደርግልሃል?»

«ማወቅ ስለፈለግኩ ነው።»

«ክብደቱ ወዴት ዋለ አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ልጁ መጥፎ አይደለም፣ ሲከብድ ግን ይለቃል አልኳት።»

ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ጠንቃቃ፣ ታማኝ፣ ሥርዓት አክባሪ ነበር የሚለው።

«እሷስ ምን አለች?»

«ይማራል አለች።» ዘነበች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ይማራል፣ ልጅ ነው፣ ተይው አለችኝ። ወባ ታምመህ ሾርባ ስታመላልስልህ እንኳ እኔ ስቆጣት፣ ቆይ ይማራል ትለኝ ነበር።»

«ከደብዳቤው በኋላስ?» አልኩ። «ከዚያ በኋላ ስለ እኔ ምን ትል ነበር?»

ዘነበች መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ አየችኝ፤ ያን ቀን ቡናው ጭቃ ላይ የተደፋ ጊዜ እንዳየችኝ።

«ከዚያ በኋላ ስምህን አላነሳችም» አለችና ሌሎች ለቀስተኞችን ለማስተናገድ ተነሳች።